ኢየሩሳሌምን ከጣሪያዋ እስከ ዋሻዋ በእግር ለሚጎበኙ

ለመሳለምም ሆነ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ሰው፣ ከቀኖቹ አንዱን አሮጌውን ከተማ ከአስጎብኚ ጋር በእግሩ ለመዞር ይመድባል። ማታ ወደ ማረፊያው ሲመለስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚተርፈው የስም ዝርዝር ነው፤ ጎልጎታ፣ ሰሊሆም፣ ዴር ሱልጣን፣ ፍኖተ መስቀል፣ የምዕራቡ ግንብ። የትኛው ከየትኛው ጎን፣ የትኛው ከየትኛው በታች እንደሆነ ቢጠየቅ ይጨንቀዋል። ይህ የሚሆነው ጎብኚው ልብ ሳይል ቀርቶ አይመስለኝም። ጉብኝቱ የሚሰናዳው ከቦታ ወደ ቦታ በሚያዘልል ቅደም ተከተል ስለሆነ ነው፤ አንድ ዋሻ ጠዋት ይታያል፣ ዋሻው የተዘረጋበት ሰፈር ደግሞ በማግስቱ ይታለፋል ወይም ጨርሶ አይታይም።

ኢየሩሳሌም በቅጥሯ ውስጥ ያላት ስፋት 1 ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጎብኚን የሚያደክመውና የሚያደናግረው እንግዲህ ርቀቱ ሊሆን አይችልም፤ ከፍታውና ጥልቀቱ ነው። ከተማዋ ፈርሳ በፍርስራሿ ላይ ተመልሳ የተሠራች ስለሆነች የትናንቱ ጎዳና ለዛሬው ምድር ቤት ሆኗል። በአይሁድ ሰፈር የሚታየው ካርዶ የተባለው ባለ ዓምድ የጥንት አውራ ጎዳና ከዛሬው መንገድ 6 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በዚያ ጊዜ የነበረ ሰው ሰማይ እያየ ይሄድበት ነበር፤ እኛ ደረጃ ወርደን እንደ ምድር ቤት እናየዋለን። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚያርፉት በአንድ ደንብ ላይ ነው፦ ከምድር በታች የሚያዩትን እያንዳንዱን ነገር ከበላዩ ካለው መንገድ ወይም ግቢ ጋር ያጣምሩት፤ መጀመሪያ ከላይ ይቁሙ፣ ከዚያ በዚያው ዕለት ወደ ታች ይውረዱ።

በዚህ የማይስማሙ አሉ። ከጥንቱ ጀምሮ ወደ ዛሬው መውጣት ይሻላል፣ ማለትም ከጥልቁ ተነስቶ ወደ ላይ መምጣት ነው የሚበጀው ይላሉ። በመጽሐፍ ላይ ትክክል ነው፤ አንባቢ ገጹን እንደ ዘመኑ ተራ ይገልጣል። በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን በጨለማ ውስጥ ሰሜንና ደቡቡ ይጠፋበታል። ከላይ ያለውን ያላየ ሰው ዋሻ ውስጥ ሲገባ አስጎብኚው «አሁን ከገበያው ሥር ነን» ቢለው የትኛው ገበያ እንደሆነ አያውቅም። ደግሞም ከሁሉ ጥንታዊ ከሆኑት ቦታዎች አንዱ ጉልበት ድረስ በውሃ የሚሄዱበት ዋሻ ነው፤ በእርሱ የጀመረ ሰው ቀኑን ሙሉ እርጥብ ልብስ ለብሶ ይውላል።

1. ቀኑን ይምረጡ፣ ሰዓቱን ያረጋግጡ

የሦስት ሃይማኖቶች የጸሎት ቀን በተከታታይ ስለሚመጣ ከዓርብ እስከ እሑድ ያለው ጊዜ ለእንዲህ ያለው ጉብኝት አይመችም። ዓርብ እኩለ ቀን ለጁምዓ ሶላት የሚጎርፈው ሕዝብ ከደማስቆ በር ወደ ውስጥ የሚወስዱትን ጠባብ መንገዶች ይሞላቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የፍራንቸስካን መነኮሳት በፍኖተ መስቀል ላይ ይዞራሉ። ዓርብ ፀሐይ ከመጥለቋ ጀምሮ ቅዳሜ እስክትጠልቅ የሰንበት ሕግ ስለሚጠበቅ በምዕራቡ ግንብ አደባባይ ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም፣ የግንቡ ዋሻ ጉብኝትም ይቆማል። እሑድ የክርስቲያኖቹ ሱቆች በብዛት ዝግ ናቸው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሁለት ተከታታይ ቀን ያግኙ፤ አንዱ ለጣሪያውና ለመንገዱ፣ ሌላው ለረጅሞቹ ዋሻዎች።

ለፋሲካ የሚሄዱ ተሳላሚዎች በዚህ ላይ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። በሰሙነ ሕማማት፣ በተለይም በቀዳም ስዑር፣ ፖሊስ ወደ ጌታችን መቃብር የሚወስዱትን መንገዶች በአጥር ስለሚዘጋ አስጎብኚ ይዞ መዞር የማይታሰብ ነው፤ ያ ሳምንት ለጸሎት ይተው። ጉብኝቱን ከፋሲካ ማግስት በኋላ ያድርጉት። የጸጥታው ሁኔታም ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚለዋወጥ፣ የትኛው በርና የትኛው ዋሻ ክፍት እንደሆነ በዋዜማው ማታ አስጎብኚውን ደውለው ይጠይቁ።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ሰዓቱን ነው። የዋሻዎቹ ትኬት የሚሸጠው በተወሰነ ሰዓት ለመግባት ሲሆን ያ ሰዓት ካለፈ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት በእነርሱ 8 ነው፤ የእነርሱ 2 ሰዓት ደግሞ የእኛ ከቀኑ 8። ቀጠሮውን በጽሑፍ ሲቀበሉ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉት፣ ቀኑንም እንዲሁ። አማርኛ ተናጋሪ አስጎብኚ የያዙ እንደሆነ ጥንቃቄው ይብሳል፤ እዚያው የኖረ ሰው በየትኛው አቆጣጠር እንደሚናገር በድምፁ አይታወቅምና።

2. አስጎብኚውን ከመቅጠርዎ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁት

ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ከቱሪዝም ሚኒስቴር የተሰጠው መታወቂያ አለው፤ እንዲያሳይዎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በኢዮጴ በር አካባቢ ቀርበው «ላሳይህ፣ ላዙርህ» የሚሉት ሁሉ ይህ መታወቂያ የላቸውም፤ ጉዞው ሲያልቅ የሚጠሩት ዋጋም ሲጀመር ከተነገረው ጋር ላይገጥም ይችላል። ክፍያውን አስቀድመው ይቁረጡ፤ የመግቢያ ትኬቱ በውስጡ ይኑር አይኑር ለይተው ይስማሙ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ከዴር ሱልጣን ግቢ ተነስተን በቀጥታ ወደ ቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት እንወርዳለን?» መልሱ «ዴር ሱልጣንን ሌላ ቀን» ከሆነ ጉብኝቱ ተቆራርጧል ማለት ነው። ሁለተኛው የሰዉ ብዛት ነው። ዋሻ ውስጥ ሰው የሚሄደው በተርታ አንድ በአንድ ስለሆነ አስጎብኚው ፊት ሆኖ የሚናገረው ከኋላ ያለው ዘንድ አይደርስም፤ ከ15 ሰው በላይ የያዘ ቡድን ለመንገዱ ቢሆን እንጂ ለዋሻው አይመከርም። የምትበዙ ከሆነ ለሁለት ተከፈሉ። ሦስተኛው ጥያቄ «ከዋሻው በላይ ማን ይኖራል?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ አስጎብኚውን ይፈትናል። በኢየሩሳሌም ቁፋሮ ማለት በሰው ቤት ሥር መቆፈር ማለት ነው፤ ስለዚህም ብርቱ ክርክር የሚነሳበት ጉዳይ ነው። ስለ ታችኛው ድንጋይ ብዙ የሚያውቅ፣ ስለ ላይኛው ነዋሪ ግን የሚያልፍ ሰው የከተማዋን ግማሽ ብቻ ያሳይዎታል። ከየትኛው ወገን ይሁን ግድ የለም፤ ሁለቱንም ፎቅ የሚናገር ይሁን።

«ስልኬ ላይ ካርታ አለ፣ በየቦታው ሰሌዳ ተጽፏል፣ ለምን እከፍላለሁ?» የሚል አይጠፋም። ሰሌዳ ከፊትዎ ያለውን ይነግርዎታል፤ ከራስዎ በላይ ያለውን አይነግርዎትም። የስልክ ካርታም ጣሪያ ባላቸው የገበያ መንገዶች ውስጥ ይዋዥቃል፤ ከድንጋይ ሥር ሲገቡ ደግሞ ጭራሹን ይቆማል። ከፍታና ጥልቀትን አያይዞ የሚያሳይ መሣሪያ እስካሁን ከሚያውቅ ሰው የተሻለ አልተገኘም። አማርኛ የሚናገር አስጎብኚ ካልተገኘ ከቡድኑ መካከል የሚያስተረጉመው ሰው ከአስጎብኚው ትከሻ አይለይ፤ ከኋላ የቀረ አስተርጓሚ የሰማውን ግማሹን ብቻ ያቀብላል።

3. ጫማዎንና ጉልበትዎን ያዘጋጁ

የአሮጌው ከተማ ድንጋይ በእግር ብዛት ተልጎ እንደ ሳሙና የለሰለሰ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ያዳልጣል። ዝናቡ የሚመጣው በክረምታቸው፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ሶሉ የሚይዝ ሸራ ጫማ ያድርጉ፤ አዲስ ጫማ በዚያ ቀን አይሞከርም። ለውሃው ዋሻ ሁለተኛ ጫማ ያስፈልጋል፤ ከእግር የማይወልቅ፣ ከኋላ የሚታሰር ሰንደል ይሁን። ነጠላ ጫማ ውሃው ይወስደዋል፤ ባዶ እግር ደግሞ በድንጋዩ ይቆረጣል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ በሁሉም የጸሎት ቦታ ይጠየቃል። ነጠላ የያዙ እናቶች በዚህ አይቸገሩም፤ ውሃ ዋሻ ሲደርሱ ግን ነጠላው ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ ጫፉ ረጥቦ እግር እንዳይጠልፍ። የእጅ ባትሪ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ይሁን። የስልክ መብራት ይበቃል የሚሉ ስልካቸው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ብርሃኑንም ስልኩንም አብረው ያጣሉ።

ተሳላሚዎቻችን ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ ይህን በግልጽ መነጋገር ይገባል። ጉልበት የሚያማቸው፣ አስም ያለባቸው፣ ጠባብ ቦታ ሲገቡ የሚጨንቃቸው ሰዎች ከሁሉም ዋሻ መቅረት የለባቸውም። በደማስቆ በርና በሄሮድስ በር መካከል፣ ከቅጥሩ ሥር፣ የሴዴቅያስ ዋሻ የሚባል የጥንት ድንጋይ መፍለጫ አለ። ወደ ውስጥ ከ200 ሜትር በላይ ይገባል፤ ሰፊና ደረቅ ነው፤ ከበላዩ የሙስሊሞቹ ሰፈር አለ። መጀመሪያ እዚያ ይግቡ። ልብዎ እዚያ ከተረጋጋ ወደ ጠባቡ ማለፍ ይቻላል፤ እዚያ ከተጨነቁ ለጠባቡ አይነሱ፣ ማንም ቢያደፋፍርዎ። በመካከል መመለስ የማይቻልበት ቦታ ላይ የሚጨንቀው ሰው ራሱንም ከኋላው ያለውንም ሁሉ ያስቸግራል።

4. ከከፍታ ይጀምሩ

የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከተማዋን ከላይ ይመልከቱ። ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ በቅጥሩ አናት ላይ የሚሄደው መንገድ ነው፤ ትኬት ተቆርጦ ከኢዮጴ በር ይወጣበታል፣ ሰሜኑን ክፍል ከያዙ ወደ አንበሶች በር አቅጣጫ ያደርስዎታል። ሌላው ከጌታችን መቃብር ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ያለው የሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን ግንብ ነው፤ ወደ 180 የሚጠጉ ጠመዝማዛ ደረጃዎች አሉት። ጉልበት ላለው ሁለተኛው ይሻላል እላለሁ። ከግንቡ አናት የመላውን ከተማ ጣሪያ ያያሉ፤ ወርደው ደግሞ ከዚያው ቤተ ክርስቲያን ወለል ሥር የተቆፈረውን ማየት ይችላሉ። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ከፍታውና ጥልቀቱ ተያይዞ ይገኛል፤ ለዓይን ማስለመጃ ከዚህ የተሻለ የለም።

ከላይ ሆነው አራት ነገር እንዲያመለክትዎ አስጎብኚውን ይጠይቁ፦ የጌታችን መቃብር ጉልላት፣ ደማስቆ በር፣ የወርቅማው ጉልላት አደባባይ፣ እና ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ የሚያልፈው የቄድሮን ሸለቆ። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል ረጋ ያለ ዝቅታም ያያሉ፤ ከደማስቆ በር ተነስቶ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ያ በፍርስራሽ የተሞላ የቀድሞ ሸለቆ ነው። በኋላ «ለምንድን ነው እዚህ ጋ ይህን ያህል የምንወርደው?» ብለው ሲደነቁ መልሱ ይኸው ዝቅታ ነው።

5. በመንገዱ ላይ ዓይንዎን ወደ እግርዎ ይመልሱ

ወደ ውስጥ በደማስቆ በር ይግቡ። ከመግባትዎ በፊት ግን በበሩ ፊት ካለው ድልድይ ላይ ቆመው በግራዎ ወደ ታች ይመልከቱ፤ ከዛሬው በር እግር ሥር አንድ የሮማውያን ቅስት በር ይታያል። የሁለቱ በሮች ወለል ልዩነት ለቀኑ ሁሉ መለኪያ ይሁንዎ። በሩን አልፈው ወደ ገበያው ሲዘልቁ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የቀኙ ኻን አዝ-ዘይት የሚባለው ገበያ ሲሆን የጥንቱን የካርዶ መስመር ተከትሎ ይሄዳል። የግራው አል-ዋድ ይባላል፤ ስሙም ሸለቆ ማለት ነው፣ ከላይ ያዩትን ዝቅታ የሚከተለው እርሱ ነው። በዚህ ቀን ቀኙን ይያዙ።

በገበያው ሰው ብዛት ውስጥ ቡድን ይበተናል። ሻንጣ በጀርባ ሳይሆን በደረት ይሁን፤ የመጨረሻውን ሰው የሚጠብቅ አንድ ሰው ይመደብ። ቅመምና ሻይ ቅጠል መግዛት የሚሻ ሲመለስ ይግዛ፤ በመካከል ዋጋ መከራከር የተጀመረ እንደሆነ የዋሻው ቀጠሮ ያልፋል።

በአንበሶች በር በኩል ጊዜ ያላቸው በቅድስት ሐና ግቢ ያለውን የቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ይጨምሩ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የምናነበው ነው። እዚያ መውረድ ሳያስፈልግ፣ ከአጥሩ ዳር ሆነው ብቻ፣ ኩሬው ከታች፣ በኩሬው ላይ በቅስት ተደግፎ የቆመው ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ከመካከል፣ የዛሬው የአትክልት ግቢ ከላይ ሲደራረቡ በአንድ እይታ ያያሉ። ደረጃ መውረድ ለማይችሉ አረጋውያን ከሁሉ የሚመከረው ቦታ ይህ ነው።

6. ዴር ሱልጣንን ከቅድስት እሌኒ ጋር ያጣምሩ

ጉዞው ሁሉ ለዚህ ነው ቢባል አላበዛሁም። በኻን አዝ-ዘይት ወደ ደቡብ ሲሄዱ በቀኝ በኩል ሰፊ የድንጋይ ደረጃ ይገኛል፤ ሲወጡት የፍኖተ መስቀል ዘጠነኛው ምዕራፍ ጋ ይደርሳሉ፣ ከዚያ አጠገብ ወደ ዴር ሱልጣን ግቢ ይገባል። አባቶች መነኮሳት በዝቅተኛ ጎጆዎች የሚኖሩበት ግቢ ነው። «ይፍቱኝ አባ» ብለው ይሳለሙ፤ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ያስፈቅዱ፤ የጎጆ በር ክፍት ሆኖ ቢያገኙ እንኳ ወደ ውስጥ አይመልከቱ፣ የሰው መኖሪያ ነውና። በቦታው ይዞታ ላይ ስላለው ክርክር በግቢው ውስጥ ድምፅ ከፍ አድርጎ መነጋገር ለአባቶች የሚያተርፍላቸው ነገር የለም።

አሁን በግቢው መካከል ያለውን ዝቅ ያለ ጉልላት ይመልከቱ። ብዙ ተሳላሚ ተደግፎት ያርፋል፣ ፎቶ ይነሳበታል፤ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅም ይሄዳል። ጉልላቱ የቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት ጣሪያ ነው። የቆሙበት ግቢ እንግዲህ ለሌላ ቤተ መቅደስ ጣሪያው ነው። በጉልላቱ ዙሪያ ያሉትን መስኮቶች ልብ ይበሉ፤ ብርሃኑ ከዚህ ወዴት እንደሚወርድ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያያሉ።

ከግቢው በአርባዕቱ እንስሳ ቤተ ክርስቲያን በኩል ይለፉ። ንግሥተ ሳባ በንጉሥ ሰሎሞን ፊት የቆመችበት ሥዕል በዚህ አለ። ጠባቡን ደረጃ ወርደው በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አልፈው ከጌታችን መቃብር ቤተ ክርስቲያን ፊት ወዳለው አደባባይ ይወጣሉ። ወዲያው ወደ ዋናው ቤተ ክርስቲያን ይግቡ፤ መቃብሩን ለመሳለም ሰልፉ ረጅም ከሆነ ለኋላ ያቆዩት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ገና በጎሕ ስለሚከፈት በማግስቱ ማልደው ያለ ግፊያ መሳለም ይችላሉ። ወደ ምሥራቁ ጫፍ ዞረው ወደ 30 የሚጠጉ ደረጃዎችን ሲወርዱ በግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ ተሳላሚዎች በየዘመኑ የቀረጹአቸው ትናንሽ መስቀሎች ተደርድረዋል። በእጅ አይዳስሷቸው፤ በስለትም የራስዎን አይጨምሩ።

በቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት ወለል ላይ ሲቆሙ ቀና ይበሉ። ከላይ የሚገባው ብርሃን ቅድም አባቶች መነኮሳት ከሚመላለሱበት ግቢ የሚወርድ ነው። አስጎብኚው ምንም ባይናገር እንኳ ይህ ብቻ ይበቃል። ከዚያ ሌላ ደረጃ ወርደው መስቀሉ ወደተገኘበት ስፍራ ይደርሳሉ፤ ድንጋዩ ሻካራ ነው፣ የጥንት ድንጋይ መፍለጫ ስለነበር። ደመራ በየዓመቱ የሚያበራ ሕዝብ ይህን ቦታ ከዴር ሱልጣን ለይቶ ማየት አልነበረበትም።

«እኔ ለጸሎት ነው የመጣሁት፤ ቁፋሮና ምድር ቤት ምን ያደርግልኛል?» ለሚሉ መልሱ ከዚሁ ይገኛል። መስቀሉ የተፈለገው ከምድር በታች ነው፤ ዕውሩ የታጠበበት ሰሊሆምም እንዲሁ ዛሬ ወርደው የሚደርሱበት ነው። መውረዱ የስግደቱ አካል ነው እንጂ ለቱሪስት የተጨመረ ትርፍ አይደለም።

7. የምዕራቡን ግንብ ዋሻ በሁለተኛው ቀን

ያለ አስጎብኚና ያለ ቀጠሮ አይገባበትም፤ ስለዚህ ትኬቱን ከቀናት በፊት ያስይዙ። መግቢያው ከጸሎቱ አደባባይ ጎን ነው። ግንቡ በጠቅላላ 488 ሜትር ሲረዝም በአደባባዩ ለጸሎት ክፍት ሆኖ የሚታየው 60 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከቀረው አብዛኛው ከቤቶች ኋላና ሥር ተሸሽጎ ይሄዳል። በውስጡ አንዱ ድንጋይ ብቻ ርዝመቱ 13 ሜትር ያልፋል። ጎብኚው ድንጋዩን ሲያደንቅ ጣሪያውን ይረሳል። ጣሪያው ቅስት ነው፤ በቅስቱ ላይ የሙስሊሞቹ ሰፈር ቤቶች፣ ወጥ ቤቶችና መኝታ ቤቶች አሉ። ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት በአል-ዋድ ጎዳና ከደማስቆ በር እስከ አደባባዩ በእግርዎ ይውረዱ፤ ከዚያ መንገድ ጎን ለጎን ነው ከሥር የሚሄዱት። በሰሜኑ ጫፍ ወደ ፍኖተ መስቀል የሚያወጣ በር አለ፤ በዚያ ይወጡ ወይም ወደ ኋላ ይመለሱ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከቡድኑ ተነጥሎ የሚጠብቅ ሽማግሌ ካለ የት እንደሚገናኙ ማወቅ አለበት።

ያለዎት አንድ ቀን ብቻ ከሆነ የሚቀነሰው ይህ ዋሻ ነው ባይ ነኝ። ድንቅ አይደለም ለማለት ሳይሆን፣ ትኬቱ ሰዓትዎን ስለሚያስርና የቀኑን ቅደም ተከተል ስለሚያፈርስብዎ ነው።

8. በመጨረሻ ወደ ውሃው

ከጉድፍ መጣያ በር ወጥተው ጥቂት እንደሄዱ የዳዊት ከተማ ወደሚባለው ኮረብታ ይደርሳሉ፤ የፍልስጤማውያን ቤተሰቦች የሚኖሩበት የሲልዋን ሰፈር ነው። ትኬት ቆርጠው ወዲያው ወደ ታች አይቸኩሉ። ከማያው ሰገነት ላይ ሆነው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቄድሮን ሸለቆ ይመልከቱ። የግዮን ምንጭ ከሸለቆው ዳር ነው። የሰሊሆም መጠመቂያ ደግሞ በኮረብታው ማዶ፣ በደቡብ ጫፍ ነው። በመካከላቸው እርስዎ የቆሙበት ኮረብታ አለ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ውሃውን ወደ ከተማ እንዳስገባ በሁለተኛ ነገሥት 20፥20 የምናነበው፣ ዛሬ የሚገቡበት ዋሻ ነው። ይህን ኮረብታ ከላይ ያላየ ሰው ታች ሆኖ ዋሻው ለምን እንደሚጠማዘዝ ሊገባው አይችልም። አንድ ነገር ላንሳ፦ ግዮን ሲባል የእኛ ሰው ዓባይን ያስባል። ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ይህ ሰሎሞን የተቀባበት በከተማዋ ሥር ያለው ምንጭ ነው፤ በዘፍጥረት ላይ የተጠቀሰው ወንዝ አይደለም።

ዋሻው 533 ሜትር ይረዝማል። ከመግቢያው እስከ መውጫው ያለው የወለል ልዩነት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ውሃው ቀስ ብሎ ይፈሳል። መጀመሪያ ላይ ከጉልበት ያልፋል፤ ወደ ጭን የሚደርስበትም አለ። ጥቂት እንደሄዱ ይቀንሳል። በዚያች ጥቂት ስፍራ ደንግጠው የሚመለሱ ብዙዎች ናቸውና አስጎብኚው አስቀድሞ ይንገራቸው። በአንዳንድ ቦታ ስፋቱ ለአንድ ሰው ትከሻ ብቻ የሚበቃ ነው፤ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበትም አለ። 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የመተላለፊያ ቦታ የለም፤ ስለዚህ ቀስ ብለው የሚሄዱት ፊት ይቅደሙ፣ ፈጣኖቹ ከኋላ ይሁኑ። ልጆች በሁለት አዋቂ መካከል ይሂዱ። ባትሪውን ወደ ፊት ካለው ሰው ጀርባ ሳይሆን ወደ ጣሪያውና ወደ ግድግዳው ያብሩ፤ የመጥረቢያው ምልክት አቅጣጫውን የሚቀይርበት ቦታ አለ፣ ከሁለቱም ጫፍ እየቆፈሩ የመጡት ሰዎች የተገናኙበት ነው። ቡድኑ እዚያ ቆሞ ለአንድ ደቂቃ ባትሪውን ሁሉ ያጥፋ፤ ከላይ ስላዩት ኮረብታ አስጎብኚው የሚናገረውን በጨለማ ይስማ።

ውሃ የማይሞክሩ ከግዮን አጠገብ በሚጀምረው ደረቅ ዋሻ ይወጣሉ፤ አጭር ነው፣ ጫማም አያረጥብም። ሌሎቹን በሰሊሆም መጠመቂያ ሊጠብቁ ይችላሉ። ውሃውን ሄደው የወጡትም መጀመሪያ የሚያርፉት በዚያው ነው፤ ደረቅ ካልሲና ጫማ የያዘ ቦርሳ ከሚጠብቁት ሰዎች ዘንድ ይቆይ። ወደ ጉድፍ መጣያ በር የሚመልሰው መንገድ ዳገት ነው፤ ጉልበቱ ያለቀ ሰው ከመጠመቂያው አጠገብ መኪና ተከራይቶ ይውጣ። የቀረው ቀስ ብሎ በእግሩ ይውጣ፤ አስጎብኚውም ዳገቱ መካከል ላይ አቁሞ፣ ቅድም በጨለማ የቆሙበት የቆፋሪዎቹ መገናኛ ከየትኛው ቤት ሥር እንደሆነ በጣቱ ያሳያቸው።